በዊትኒ ለሚኖር ወዳጄ

ፊልሞን ያንን ደብዳቤ ሲጽፍ ፈሪ መሆኑን ያውቅ ነበር። ለፈሪነቱ ግን የሙያ ስም ሰጥቶት ነበር። አገር ቤት ሳለ የዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ነበር፤ የማስተርስ ጽሑፉን የሠራውም ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት እንግሊዞች ያለ ስም ያሳትሟቸው በነበሩ ትንንሽ የፖለቲካና የሃይማኖት ወረቀቶች ላይ ነው። በዚያ ዘመን ንጉሡን ወይም ጳጳሳቱን የሚነካ ነገር ጽፎ የተያዘ ሰው ጆሮውን እስከ መቆረጥ ይደርስ ነበር። ስለዚህ ብልሆቹ ሐሳባቸውን በደብዳቤ መልክ ይጽፉታል። በገጠር የሚኖር አንድ ጨዋ ሰው በከተማ ለሚኖር ወዳጁ የላከው ደብዳቤ ነው ይሉና ያሳትሙታል። ጨዋ ሰውም የለ፣ ወዳጅም የለ። ይህንን ደግሞ አንባቢው ሁሉ ያውቃል፤ የሰው ደብዳቤ ሰርቆ የሚያነብ እየመሰለው ይበልጥ ይጣፍጠዋል እንጂ ወዳጁን ልፈልግ ብሎ አይነሣም። ፊልሞን ስለዚህ ጉዳይ መቶ አርባ ገጽ በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ ከዚያ ዲቪ ደረሰው፤ አሁን ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ ካዚኖ በር ላይ ቆሞ የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል።

በቤተ ክርስቲያን ግን አሁንም የተማረ ሰው ነው። አማርኛ በኮምፒውተር ቶሎ ስለሚጽፍ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ አድርገውታል። ከሥራዎቹ አንዱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ የሚያነቡትን የሙታን ስም ዝርዝር መተየብ ነው። ሰው የሞተበት ሁሉ የሟቹን ክርስትና ስም በቁራጭ ወረቀት ይሰጠዋል፤ እሱ አስተካክሎ ያትማል። ለዓመታት ሲሠራው አንድም ቀን ከባድ ሆኖበት አያውቅም።

ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ መልከጼዴቅ ዝርዝሩን ለካህኑ ሳይሰጥ ልየው አሉት። አገር ቤት ጦርነት አለ፤ ጦርነት ካለ ደግሞ ወገን አለ። አቶ መልከጼዴቅ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስክሪብቶ አወጡ፣ ሦስት ስም ሰረዙ።

«እነዚህ እኛን ሲወጉ የሞቱ ናቸው» አሉ። «የእኛ ካህን አይጠራቸውም።»

ከሦስቱ አንዱ የወይዘሮ ላቀች የእህት ልጅ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ፊልሞን ስሞቹን አጠፋና እንደገና አተመ። እሑድ ወይዘሮ ላቀች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የልጁን ስም ለመስማት ጆሯቸውን አቁመው ቆሙ። ዝርዝሩ አለቀ። ካህኑ ገጽ የዘለሉ መስሏቸው ሴትዮዋ ግራ ቀኙን አዩ። ፊልሞን አንገቱን ደፋ።

 እንደ ሰው ብድግ ብሎ «ይህ ነገር ትክክል አይደለም» ማለት ይችል ነበር። ከዚያ ይልቅ የሚያውቀውን አደረገ። በእረፍት ቀኑ ጠዋት ከሚኖርበት ከማውንተንስ ኤጅ ሰፈር ተነሥቶ ጎረቤት ከተማ ሄንደርሰን ድረስ ነዳ፤ ዋተር ስትሪት አካባቢ ሐበሻ በማይደርስበት አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ስልሳ ቅጂ አስባዛ። ርእሱ «በከተማው ዳር የሚኖር አንድ ምዕመን በዊትኒ ለሚኖር ወዳጁ የላከው ደብዳቤ» ይላል፤ ዊትኒ ከከተማው በስተምሥራቅ ያለ ሰፈር ነው። ሰላምታው እንዲህ ነበር፦

«ውድ ወዳጄ፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ? ባለፈው ከመኪና ስትወርድ በሩን ይዘህ ጥቂት ቆመህ ነበር። እኔም አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ፤ ሰው ድካሙን ሲያዩበት ያፍራልና።»

ከዚያ ወደ ነገሩ ገባ። ስለ ሦስቱ ስሞች፣ ስለ ስክሪብቶው፣ እግዚአብሔር የሚያውቃቸውን ሰዎች አላውቃቸውም ስለሚል ሰበካ ጉባኤ ጻፈ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከታች ፊርማም ስምም የለውም።

እሑድ ምዕመኑ ለስግደት ጎንበስ ሲል ፊልሞን ወደ በሩ ወጣ። ጫማ ማስቀመጫው ላይ በተደረደሩት ጫማዎች ውስጥ ወረቀቶቹን እያጠፈ ከተታቸው። ማንም ሰው ደብዳቤውን ሳይነካ እግሩን ጫማው ውስጥ ሊያስገባ አይችልም። ፀበል ተጠጥቶ ሳያበቃ ወረቀቱ በየስልኩ ፎቶ ተነሥቶ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ከተማው ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ አነበበው። አቶ መልከጼዴቅ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ «ስም የሌለው ሰው ምዕመን አይደለም» አሉ። ፊልሞን ደስ አለው፤ ለምን ይዋሻል። ሰው ሁሉ ጸሐፊው ማን ነው፣ የዊትኒው ወዳጅስ ማን ነው እያለ ሲጠያየቅ፣ እሱ ወዳጅ የሚባል ሰው እንደሌለ ብቻውን ስለሚያውቅ በሆዱ ይስቅ ነበር።

ዊትኒ ውስጥ ግን ጋሽ ባዘዘው ይኖራሉ። በሱዳን አድርገው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ዓመታት የመጡ፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው። ኩላሊታቸው ከደከመ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ዲያሊሲስ ይሄዳሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ተራ ገብተው በመኪና ያመላልሷቸዋል፤ ማክሰኞ የፊልሞን ተራ ነው። ከመኪና ሲወርዱ በሩን ይዘው ጥቂት የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። ፊልሞን ሰላምታው ሞቅ እንዲል እጁ ላይ የመጣለትን ጻፈ እንጂ ስለ እሳቸው አላሰበም። የተማረ ሰው በገዛ ዘዴው ተጠምዶ፣ በየሳምንቱ አጠገቡ የሚቀመጠውን ሰው አላየውም።

ጋሽ ባዘዘው ስለ ጥንት እንግሊዞች የሚያውቁት ነገር የለም። በእሳቸው ቤት ደብዳቤ የተጻፈለት ሰው መልስ ይጽፋል፤ መልስ ያልጻፈ ባለጌ ነው። ስለዚህ በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የፕላስቲክ ወንበር ጎትተው ጫማ ማስቀመጫው አጠገብ ተቀመጡ። ከፌስታል ውስጥ ወረቀት እያወጡ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ በየጫማው አንድ አንድ ከተቱ። ታችኛው ረድፍ ላይ ለመድረስ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው አንዷን ሕፃን «ነይ እስኪ እርጂኝ» አሏት።

ፊልሞን የራሱን ቅጂ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አነበበ። በእጅ ጽሑፍ ነው፤ ፊደሉ ሰፋፊና ጥንቁቅ ነው።

«ውድ ወንድሜ፣ ደብዳቤህ በጫማዬ ውስጥ ደርሶኛል። አድራሻህን ስላልጻፍክልኝ መልሱን በመጣበት መንገድ ብልከው አትቀየመኝ። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ደረጃ ላይ ብቻ ያስቸግረኛል። ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ስትጠይቀኝ ሆድ ባሰኝ። ስለ ስሞቹ የጻፍከው እውነት ነው። ወደ ሱዳን ስንወጣ ሦስት ወጣቶች በመንገድ ቀብሬያለሁ። አንዱ ድርጅት ውስጥ የነበረ ነው፤ አንዱ ከድርጅቱ የሸሸ ነው፤ አንዱ ወታደር ነበር። ውሃ አልቆብን ስለነበር ሦስቱንም በአንድ ጉድጓድ ቀበርናቸው። የማን ወገን ናቸው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እዚህ ምንጣፍ ላይ ቆመን ለምን እንደምንጠይቅ አልገባኝም። ሁለተኛ ስትጽፍልኝ የልጆችህን ስም ጻፍልኝ፤ በጸሎቴ አስባቸዋለሁ። ባዘዘው ተድላ እንግዳ።»

ከታች የአፓርትመንታቸውን ቁጥርና ስልካቸውን ጽፈዋል።

ፊልሞን ቀልቡ ተገፈፈ። እንግሊዞቹም እርስ በርስ መልስ ይጻጻፉ ነበር፤ መላሹም ግን እንደ ጸሐፊው ስሙን ይደብቃል። ባለ ሙሉ ስም፣ ባለ ስልክ ቁጥር መልስ በመቶ አርባ ገጹ ውስጥ የለም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሰበካ ጉባኤው ሽማግሌውን አስጠራ። ፊልሞን ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆነ ከአቶ መልከጼዴቅ ጎን ተቀመጠ።

«ጋሽ ባዘዘው፣ ደብዳቤውን የጻፈልዎት ማን ነው?» አሉ አቶ መልከጼዴቅ።

«ስሙን አልጻፈም።»

«ታዲያ ለእርስዎ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ዊትኒ የምኖረው እኔ ነኝ። ጉልበቴን የሚያመኝም እኔ ነኝ።»

«እሺ፤ ጉልበትዎን የሚያውቅ ሰው ማን ነው? እሱን ይንገሩንና በሰላም ይሂዱ። እርስዎ ላይ ምንም ነገር የለንም።»

ጋሽ ባዘዘው አሰቡ። ዓይናቸው በጠረጴዛው ዙሪያ ሄደ፣ ፊልሞንንም አልፎ ሄደ።  «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ፊልሞን ግን ስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አድርጎ የሽማግሌውን መልስ ጠበቀ።

«አላውቀውም» አሉ ጋሽ ባዘዘው። «ባውቀውም አልነግራችሁም። ደብዳቤ የላከልኝን ሰው ለሸንጎ አሳልፌ አልሰጥም።»

ፊልሞን የማስተርስ ጽሑፉ ውስጥ የነበረ አንድ አታሚ ትዝ አለው። የመጽሐፉን ደራሲ ተናገር ቢሉት እምቢ ብሎ በስቅላት የሞተ ምስኪን ነው። ፊልሞን ያኔ በግርጌ ማስታወሻ ሁለት መስመር ሰጥቶት ነበር ያለፈው። አሁን ደግሞ «አላውቀውም፣ ባውቀውም አልነግራችሁም ብለዋል» ብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈ።

ጉባኤው የደብዳቤውን ጸሐፊ ስም እስኪገልጹ ድረስ ጋሽ ባዘዘው ከማኅበርና ከማንኛውም አገልግሎት እንዲታገዱ ወሰነ። የእግድ ደብዳቤውን የሚጽፈው የጉባኤው ጸሐፊ ነው። ፊልሞን ጻፈው፤ ከታችም ሙሉ ስሙንና ማዕረጉን አሰፈረ፣ ማኅተም መታ። በዚያ ጾም ውስጥ በስሙ የጻፈው ደብዳቤ ይህ ብቻ ነው።

ሚስቱ ሳሮን ቤት ውስጥ የሰው ልጆች ትጠብቃለች። ልጆቹ እንደሄዱ መጫወቻ እየሰበሰበች «አንተ ነህ አይደል?» አለችው። ከምንጣፉ ላይ አንድ መጫወቻ አነሣላት። ሽምጥጥ አድርጎ ለመካድ እንኳ አቅም አጣ።

«ሄጄ ኮንፌስ አደርጋለሁ እንዳትል» አለች። «ከሰባቱ ልጆች ስድስቱ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ልጆች ናቸው። ነገ ቢያወጧቸው ዴይኬሩን እዘጋለሁ። የእኛም ልጅ ጓደኞቿ በሙሉ እዚያ ናቸው።»

«ሰውዬውስ?»

«እኔም አዝኛለሁ ለሳቸው። ግን ሀበሻን አታውቀውም እንዴ? ከፋሲካ በኋላ ሁሉም ይረሳዋል።»

ማንም አልረሳም። የሐሙሱ ሹፌር ልጁ ታመመበት። የቅዳሜዋ ሹፌር መኪናዋ ተበላሸባት። ከታገደ ሰው ጋር መታየት ማን ይፈልጋል? ፊልሞን ለሦስት ሳምንት ብቻውን ማክሰኞ ማክሰኞ አመላለሳቸው። በሦስተኛው ሳምንት አቶ መልከጼዴቅ ከጉባኤ በኋላ ትከሻውን ይዘው «አሁንም ዊትኒ ትሄዳለህ አሉኝ» አሉት፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ፊልሞን ቤቱ እንደደረሰ ለጋሽ ባዘዘው ቴክስት አደረገ፦ «ጋሼ፣ ሺፍቴ ተቀይሮብኛል፣ በጣም ይቅርታ።» ሺፍቱ አልተቀየረም። ሽማግሌው መጻፍ ስለሚያደክማቸው በድምፅ መልእክት መለሱለት፦ «ችግር የለም ልጄ፣ ሥራ ይቀድማል።» ያቺን ድምፅ ሁለት ጊዜ ሰማትና አጠፋት።

ስሙን ጽፎ እውነቱን ለማውጣት ያልሞከረ እንዳይመስላችሁ። በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት ኮምፒውተሩን ከፍቶ «እኔ ፊልሞን» ብሎ ጀመረ። አንድ ገጽ ሞላ። ሳሮን ልጆቹን እያዘፈነች ድምፅዋ ከሳሎን ይሰማዋል። አነበበው፣ አረመው፣ እንደገና አነበበው፣ አጠፋው። በግንቦትም ጀመረ። በሰኔም። እያንዳንዱ ጊዜ ከፊተኛው ይልቅ አሳፋሪ ሆነበት፤ ለምን እስካሁን ዝም አልክ የሚለው ጥያቄ በየወሩ ይወፍራልና።

ጋሽ ባዘዘው በሽተኛ በሚያመላልሰው ቫን መሄድ ጀመሩ። ቫኑ አንዳንዴ በሰዓቱ ይመጣል፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ያስጠብቃል፣ አንዳንዴ ጨርሶ ይቀራል። በሐምሌ የቬጋስ ፀሐይ ጥላ በሌለበት ቆሞ መጠበቅ ለጤነኛም አይሆንም። አንድ ቀን ሲጠብቁ ወድቀው አምቡላንስ አነሣቸው። ሆስፒታል ውስጥ ትንሽ ሻል ሲላቸው ሐኪሙን አስጠርተው ዲያሊሲሱ በቃኝ አሉ።

ይህን ለፊልሞን የነገሩት ወይዘሮ ላቀች ናቸው። እገዳውን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ሽማግሌውን የሚጠይቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«የሚወስደኝ ሰው ሳይኖር ለምን እታጠባለሁ አለ» አሉት። «ሐኪሙ ሳምንት አይሞላም ብሏል። ይቆየኛል ብለህ እንደሆነ አትዘግይ።»

ፊልሞን በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሄደ። ሺፍቱ አሥር ሰዓት ነው። ክፍሉ ንጹሕና ብርሃን የሞላበት ነው። ጋሽ ባዘዘው ትራሱ ላይ ትንሽ ሆነው አገኛቸው፤ ፊታቸው አባብጧል። አልጋው አጠገብ አንድ ወንበር አለ። ተቀመጠ። ስለ ሙቀቱ ተጨዋወቱ፣ ስለ ሕፃኗ ልጁ ጠየቁት። ከዚያ በኋላ ፊልሞን ያንን ወር ሙሉ መኪና ውስጥ ሲለማመደው የከረመውን ተናገረ።

«ጋሼ፣ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ከትራሱ ትንሽ ቀና አደረጉ።

«ማን ነው እንዲህ በል ያለህ? ላቀች ናት?»

«ማንም አላለኝም። ሄንደርሰን ሄጄ ኮፒ አስደረግሁ። ጫማዎቹ ውስጥም የከተትኩት እኔ ነኝ። ውድ ወዳጄ፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል፣ ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ...» እያለ እስከ መጨረሻው በቃሉ ወጣው።

«እሱንማ ላቀችም በቃሏ ትለዋለች» አሉ ጋሽ ባዘዘው።

«ከመኪና ሲወርዱ በሩን ይዘው ሲቆሙ ያየሁት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ መምጣት ተውክ እኮ ልጄ።»

የወቀሳ ድምፅ አልነበረበትም። ፊልሞን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ተቀጣ ተማሪ ተቀመጠ።

«ያ ሰው» አሉ ጋሽ ባዘዘው፣ በየመሐሉ እየተነፈሱ፣ «ድካሜን አይቶ እንዳላየ የሆነልኝ ሰው ነው። እንደዚያ ያለ ሰው ሸንጎ ፊት አስቀምጦኝ ዝም አይልም። አንድ ነገር ይዞት ነው። ምናልባት ታሟል፤ ምናልባት ከከተማ ወጥቷል። በሱዳን መንገድ አብሮኝ የነበረ ሰው ይመስለኛል፤ አጻጻፉ የእኩያ ነው። አንተ የጻፍከውንማ አውቀዋለሁ፤ ማኅተም አለበት።»

«ጋሼ፣ እመኑኝ...»

«ክፉ ልጅ አይደለህም። ልታጽናናኝ ብለህ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ያንን ሰው አትውሰድብኝ። ሌላ ሰው የለኝም።»

ፊልሞን ተረዳ። አምስት ወር የደበቀው እውነት አሁን የሚጠቅመው ለእሱ ብቻ ነው፤ ሽማግሌውን ግን ያለቻቸውን አንዲት ነገር ነጥቆ ባዶ እጃቸውን ይሸኛቸዋል።  በሕይወቱ የዋሸው የመጨረሻ ውሸት አይደለም፤ ትክክለኛውን ውሸት ግን ያን ቀን ዋሸ።

«ይቅርታ ጋሼ» አለ። «ላጽናናዎት ብዬ ነው።»

«አውቄያለሁ» አሉ ጋሽ ባዘዘው፤ ፊታቸው ፈታ አለ። «አሁን ወረቀት ያዝ። እጄ አልታዘዝ ብሎኛል፣ አንተ ጻፍልኝ።»

ነርሷ ከምትጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አመጣ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ እያሉ ተናገሩ፣ እሱም ጻፈ።

«ውድ ወንድሜ። ሁለተኛ ደብዳቤህን ስጠብቅ ቆየሁ። አልተቀየምኩህም። አንዳንዴ ሰው ለመጻፍ አይመቸውም። ስምህን አልጠይቅህም፤ ከፈራህ አትናገር። ጊዜ ካለህ ግን ናና አጠገቤ ተቀመጥ። ብዙ አላስቸግርህም።»

ስክሪብቶውን እጃቸው ላይ አደረገላቸው፤ እጃቸውን ደግፎላቸው ፈረሙ። ከነአባትና አያታቸው ከጻፉት ስም ሊነበብ የቻለው «ባዘዘው» የሚለው ብቻ ነው።

«ስታገኘው ትሰጥልኛለህ?»

«እሰጥልዎታለሁ።»

«በል እንግዲህ ሂድ፤ ሥራ እንዳይረፍድብህ» አሉ ጋሽ ባዘዘው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ እያዞሩ። «ያ ሰው ከመጣ ወንበሩን ባዶ ያግኘው።»

ፊልሞን ከወንበሩ ተነሣ።